የጋሽ ቶማ ቀኝ እጅ

አባቴ የሚደርበው ጋቢ አንድ ጉድለት አለበት። ከመካከሉ አለፍ ብሎ የቀኝ ጠርዙ ክንድ ከስንዝር ለሚያህል ርዝመት ወጣ ገባ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይስተካከልና እስከ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እንግዳ ሲመጣ አባቴ ያንን ቦታ ሆን ብሎ ትከሻው ላይ ያወጣዋል። «ይቺ የልጄ ሥራ ናት» ይላል። ሰው ጋቢውን የሸመንኩት እኔ መስሎት ግራ ሲጋባ ደስ ይለዋል። እኔ አልሸመንኩትም። ያበላሸሁት ግን እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ ዛሬ ልንገራችሁ።

የዛሬ ሰባት ዓመት ሕክምና ጨርሼ ስወጣ ዕጣዬ አርባ ምንጭ ደረሰኝ። ደብረ ማርቆስ ለተወለደ ሰው የአርባ ምንጭ ሙቀት ቀልድ አይደለም። የመጀመሪያውን ወር ቀን ቀን በላብ፣ ማታ ማታ በትንኝ አለቀስኩ። ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ የተከራየኋት ክፍል የጋሽ ቶማ ግቢ ውስጥ ነበረች። ጋሽ ቶማ ከጨንቻ በላይ ካለ ደጋ የወረዱ ሸማኔ ናቸው፤ ያኔ ሃምሳን ትንሽ አልፈዋል። መሸመኛቸው ከእኔ አልጋ ግድግዳ ማዶ ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው ይጀምራሉ። መወርወሪያው «ሽው» ብሎ ያልፋል፤ መምቻው «ጧ» ይላል። ሽው፣ ጧ። ሽው፣ ጧ። መጀመሪያ ሳምንት ቤት ልቀይር ፈልጌ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን እሑድ ጠዋት ድምፁ ሲቀር ባንኜ የምነሳ ሆንኩ።

ሰው ሲያናግሩ የጋሽ ቶማ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም። ከሥራ ስመለስ «መጣህ ዶክተር?» ይሉኛል። ልጃገረድ መሆኔን አሳምረው ያውቃሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር እንዳውም ባል ሲያፈላልጉልኝ ነው የከረሙት። እኔም ለምጄው አንድ ቀን «መጣሽ» ቢሉኝ ሌላ ሰው የጠሩ ይመስለኝ ነበር። እትዬ አስቴር ቁርቁፋ፣ ያንን የበቆሎ ድብልብል፣ በሀሌኮ (በሽፈራው) ቅጠል በሠሩ ቁጥር በሳህን ከድነው በሬ ላይ ያስቀምጡልኛል። ዛሬም ሀሌኮ ሲሸተኝ ሆዴ ሳይሆን ዓይኔ ነው የሚሞላው።

አሁን ስለ ክሩ ልንገራችሁ። እናቴ ያረፈችው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ከመታመሟ በፊት ለአባቴ ጋቢ የሚሆን ማግ ፈትላ ጨርሳ በፌስታል አስራ አስቀምጣ ነበር። አባቴ ለማንም ሸማኔ ለመስጠት እጁ አልታዘዘለትም። ሥራ ስይዝ ለምኜ ወሰድኩና ለጋሽ ቶማ ሰጠኋቸው፤ ለመስቀል ይዤው ልሄድ። ጋሽ ቶማ ክሩን በጣታቸው መሃል እያሽከረከሩ ብዙ ቆዩ።

«እናትህ እጇ ጥሩ ነበረ» አሉ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። አትቸኩልም ነበር።»

እናቴን አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም። ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። እትዬ አስቴር ጋሽ ቶማን በባጃጅ ይዘዋቸው መጡ። ጋሽ ቶማ ኩልፎ ወንዝ ዳር ትንሽ የሙዝ ማሳ አለቻቸው። የመስኖውን ቦይ በግንድ ላይ ሲሻገሩ እግራቸው ሸርተት ብሎ በተዘረጋ ቀኝ መዳፋቸው መሬቱን መትተዋል። ልብሳቸው ጭቃ ብቻ ነው። እጃቸውን በእትዬ አስቴር ነጠላ አስረው ታቅፈውታል።

ነጠላውን ስፈታ መጀመሪያ ያየሁት ጠማማነቱን ነው። የእጅ አንጓው ከክንዱ ጋር አይገጥምም፤ ወደ ላይ ጉብ ብሎ ወደ አውራ ጣቱ በኩል ዘመም ብሏል። ስንት ጊዜ ሰላም ብያቸዋለሁ፣ ሁልጊዜ በረጅም እጅጌ ስለሚሸፍኑት አስተውዬው አላውቅም ነበር።

«ይሄ አሁን የሆነ ነው?» አልኳቸው ደንግጬ።

«አይደለም፣ እሱ አሮጌ ነው። ደጋ እያለሁ ቤት ስንከድን ከላይ ወደቅኩ። አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ወጌሻ አሰረኝ።»

«አሁንስ የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

በግራ እጃቸው አንጓቸውን ጨበጡ። «እዚህ። የድሮው ብርድ ሲሆን ይመጣል፣ ይሄዳል። እሱን አውቀዋለሁ። ይሄ እሱ አይደለም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኩትም።

ራጅ አስነሳኋቸው። ፊልሙ ሲመጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ አየሁት። የድሮ ስብራት፣ ጠሞ የገጠመ፣ መጋጠሚያው ያለቀ። አዲስ መሰንጠቅ የለም። ሦስት ተለማማጅ ተማሪዎች ከኋላዬ ቆመው ነበርና አፌ ተከፈተ። «ተመልከቱ» አልኳቸው። «ይህ የወጌሻ ሥራ ነው። አጥንቱ ሳይቃና ታሰረ፤ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ከዚህ ጋር ይኖራል።» ስለ ወጌሻ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ሳወራ ድምፄ ለራሴም ያማረ መሰለኝ። እትዬ አስቴር መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«ጋሽ ቶማ፣ አዲስ ስብራት የለም» አልኩ በመጨረሻ። «የድሮው ነው የተቀሰቀሰው። ማስታገሻ ይወስዳሉ፣ ነርሷ በፋሻ ታስርልዎታለች። ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ ሥራ መጀመር ይችላሉ።»

«መሥራት ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አሉ።

እትዬ አስቴር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ለማንኛውም ወጌሻ ቢያየውስ?» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔ ግን ጮክ ብዬ «እትዬ፣ እንዲህ ያደረገውስ ማን ሆነና!» አልኳቸው። ተማሪዎቹ ሳቁ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ረቡዕ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ድምፁ ተጀመረ። ደስ አለኝ። ግን ልክ አልነበረም። ሽው፣ ጧ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ሌላ ሽው፣ ደከም ያለ። መወርወሪያው ከግራ ሲመጣ ይፈጥናል፤ ከቀኝ ሲሄድ ይዘገያል። ሰማሁት እኮ! ለብዙ ወር በዚያ ድምፅ የነቃሁ ሰው እንዴት አልሰማም? ሰማሁና ምን አደረግኩ መሰላችሁ? በሦስተኛው ቀን በራቸው ላይ ቆሜ «ጋሽ ቶማ፣ አረጁ እንዴ? መስቀል እኮ ደረሰ!» ብዬ ቀለድኩ። ፈገግ ብለው «ይደርሳል፣ አትጨነቅ» አሉኝ። ያን ጊዜ የሻይ ብርጭቆውን የያዙት በግራ እጃቸው ነበር። እሱንም አይቻለሁ።

በወደቁ በሁለት ሳምንታቸው፣ እሑድ ጠዋት፣ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ቶማ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ቆመዋል።

«ሳሮ፣ ዶክተር» አሉ በቋንቋቸው፤ ሰላም ማለታቸው ነው። «ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ና፣ እይ።»

ተከትያቸው ወደ መሸመኛው ገባሁ። የተጠቀለለውን ሸማ በግራ እጃቸው ቀስ እያሉ ፈቱት። የእናቴ ማግ ነጭ ሆኖ ተዘረጋ። ደስ ሊለኝ ሲል ጋሽ ቶማ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አቆሙ።

«እስከዚህ ጥሩ ነው» አሉ። «ከዚህ በኋላ እጄ ከዳኝ። ተመልከት ጠርዙን። ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ልፈታው አልኩ፤ የእናትህ ክር በእጅ የተፈተለ ነው፣ ከተፈታ ይበጣጠሳል። ሌላ ትፍተል እንዳልል እናትህ የለችም። ሠላሳ ዓመት ሸምኜ የሰው ክር አበላሽቼ አላውቅም።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ላጽናናቸው ስል ዓይኔ ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ላይ ቀረ። ከዚያ በፊት ያለው ጠርዝ በማስመሪያ የተሠመረ ነው የሚመስለው። ከዚያ በኋላ ያለው ይወላገዳል፣ ሽመናውም ሳስቷል።

«ጋሽ ቶማ፣ ይሄ ቀጥ ያለው መቼ የተሠራ ነው?»

«ሳልወድቅ በፊት።»

«በዚሁ እጅ?»

ተገርመው አዩኝ። «በየትኛው ሌላ እጅ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ጠማማ እጅ፣ በፊልም አንስቼ ለተማሪዎች የሰበክሁበት እጅ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቀጥ ያለ ሸማ ሲሠራ ኖሯል። ጠማማነቱ ሥራ አላስፈታውም። ሥራ ያስፈታው ሌላ ነገር ነው፤ ያ ነገር ደግሞ ሁለት ሳምንቱ ነው። ቀኑ ሸማው ላይ ተጽፏል። ሰውየው ራሳቸው በመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል፤ ይሄ እሱ አይደለም ብለውኛል።

ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩና እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖርኩት። ፋሻውን ፈታሁ። ልብ በሉ፣ ያን ዕለት ሆስፒታል እጃቸውን አገላብጬ አይቻለሁ፣ ፊልሙን አይቻለሁ፤ ግን በጣቴ ቦታ በቦታ ተጭኜ አልፈተሽኩትም ነበር። አውራ ጣት ወደ ላይ ሲወጠር ከሥሩ፣ በሁለት ጅማት መሃል፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። መጀመሪያ በጤነኛው ግራ እጃቸው ላይ ተጫንኩት፤ ምንም አላሉም። ከዚያ በቀኙ ላይ ገና ቀስ ብዬ ሳሳርፍ ጋሽ ቶማ አየር ስበው እጃቸውን ነጠቁኝ።

«እሱ ነው» አሉ። «እዚያ ነው ያለው።»

እዚያ ቦታ ሥር ባቄላ የምታህል አጥንት አለች። ሰው በተዘረጋ መዳፉ ሲወድቅ እሷ ትሰነጠቃለች፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ጊዜ ራጅ ላይ አትታይም። ደም የሚደርሳት በቀጭን መንገድ ስለሆነ ሳትታሰር ከተሠራባት ሳትገጥም ትቀራለች፣ ግማሿ ሊሞትም ይችላል። ያኔ እጁ የመጨበጥ ኃይሉን ያጣል። ከተጠራጠርክ እሰር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግመህ አንሳ ይላል ትምህርቱ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ!

«ጋሽ ቶማ» አልኩ፣ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እጅዎ የተሰበረ ይመስለኛል። አሁን እንሂድ።»

«እጄ ይድናል?»

«አላውቅም» አልኳቸው። ለታካሚ እንዲህ ብዬ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከእትዬ አስቴር ጋር ሦስታችን በባጃጅ ሆስፒታል ሄድን። ለአጥንት ሐኪሙ ደወልኩላቸውና ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ወርደው እስኪደርሱ ሌላ ራጅ አስነሳሁ፤ በዚህኛው እጃቸው ወደ ትንሿ ጣት በኩል ዘንበል ብሎ፣ ያቺ አጥንት ፊልሙ ላይ ጎልታ እንድትታይ ተደርጎ። ውጤቱን አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጋሽ ቶማ ስለ ሙዛቸው ያወሩ ነበር፤ ውኃ የሚለቅላቸው እንደሌለ። ድሮ የሚያስቀኝ ወሬያቸው ያን ቀን አንጀቴን በላው። ይህ እጅ ከቀረ በዚያ ቤት መሸመኛው ይቆማል፤ የማወራው ስለ አንድ ጋቢ ጠርዝ አይደለም።

እትዬ አስቴር ሳይቆጡ፣ ወደ እኔም ሳይዞሩ፣ «ወጌሻው ቢሆን መጀመሪያ ጣቱን አሳርፎ ይነካው ነበር» አሉ።



የአጥንት ሐኪሙ በነጠላ ጫማ መጡ። ፊልሙን አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ቦታ አሳዩኝ። ፀጉር የምታህል መስመር በዚያች አጥንት ወገብ ላይ ተጋድማለች።

«አልተንሸራተተም» አሉ። «ሌላ ሁለት ሳምንት ሸምነውበት ቢሆን...» አልጨረሱትም። ወደ እኔ ብቻ አዩ። ከዚያ የጋሽ ቶማን እጅ አውራ ጣቱን ጨምረው በጄሶ አሰሩት። «ሦስት ወር። መግጠሙን ያኔ እናያለን» አሉ።

ከግድግዳዬ ማዶ ዝምታ ሆነ። ያን የመሰለ ከባድ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ጎህ ሲቀድ እነቃለሁ፤ ምንም የለም።

መስቀል ደረሰ። አገር ቤት አልሄድኩም፤ ባዶ እጄን ምን ይዤ? በጋሞ መስቀል ትልቁ በዓል ነው፤ በየከተማው የሚሸምነው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል። የጋሽ ቶማ ታላቅ ወንድም ከደጋ ወርደው፣ የወንድም ልጆችም ከአዲስ አበባ መጥተው ግቢው ሞላ። የገባው ሁሉ ጄሶውን እያየ «ምን ሆንክ?» ሲል ጋሽ ቶማ «ኩልፎ ጣለኝ» ይላሉ፣ ይስቃሉ። አንድም ጊዜ የእኔን ስም አላነሱም። በሦስተኛው ሰው ላይ መታገሥ አቃተኝ።

በዚያ አገር ሰው ቅሬታ ይዞ የመስቀልን ማዕድ አይቀርብም፤ የተበደለና የበደለ አስቀድሞ ይነጋገራል። እትዬ አስቴር ነበሩ የነገሩኝ። ተነሳሁና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «የጣላቸው ኩልፎ ነው። በተሰበረ እጅ ሥራ ብዬ የላክኋቸው ግን እኔ ነኝ። ይሄ አዲስ ነው ሲሉኝ አልሰማኋቸውም። ወጌሻውንም ሰድቤያለሁ» አልኩ። ታላቅ ወንድማቸው በጋሞኛ ከጋሽ ቶማ ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰውየው ቂም የለኝም ይላል። አንቺስ የቀረ ነገር አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው አልቋል። ቁጭ በይ፣ ብይ።»

ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ጋሽ ቶማ በግራ እጃቸው አጎረሱኝ። እያለቀስኩ በላሁ፤ የወንድም ልጆቹ እንደ ጉድ እያዩኝ።

ጄሶው የተፈታው ታኅሣሥ ላይ ነው። አጥንቷ ገጥማለች። አንጓቸው ደርቆ ስለነበር እያሻሸን፣ ለብ ባለ ውኃ እያፍታታን ሳምንታት ፈጀን። አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ነቃሁ፤ ለምን እንደነቃሁ መጀመሪያ አልገባኝም። ሽው፣ ጧ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪበቃኝ ሰማሁ።

ጋቢው ጥር ላይ አለቀ። ጋሽ ቶማ የተወላገደውን ቦታ በመቀስ ቆርጠው ሁለቱን ጫፍ ሊያጋጥሙልኝ ፈለጉ። እንዳይነኩት ለመንኳቸው። ለአባቴ ስወስድለት ታሪኩን ከነ ነውሬ ነገርኩት። ጠርዙን በጣቱ ሲዳስስ ቆየና «እናትሽ ብትኖር አንቺን ትቆጣ ነበር፣ ክሩን ግን ምንም አትልም» አለኝ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ሐኪም ሆናችሁ ታካሚ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ከዚያ ወዲህ የድሮ ጉዳት ያለበት ሰው ወድቆ ሲመጣ ከራጁ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ። «የድሮውን ሕመምዎን ያውቁታል። ይሄ እሱ ነው ወይስ ሌላ?» እላለሁ። ከዚያ ጤነኛውን እጅ፣ ቀጥሎ የታመመውን፣ በጣቴ ቦታ በቦታ እፈትሻለሁ። ተማሪዎቼ ቀርፋፋ ነች ይሉኛል፤ ይበሉ። እናንተም ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «ይሄ እሱ አይደለም» ብላችሁ ካልተሰማችሁ ደግማችሁ ተናገሩ። ጋሽ ቶማ አክብረውኝ ዝም ባይሉ ኖሮ ያን ሁሉ ቀን በተሰበረ አጥንት ባልሠሩ ነበር።

ዘንድሮ ለሥራ አርባ ምንጭ ሄጄ ሲቀላ ወረድኩ። ግቢው በር ላይ ስደርስ ሳላንኳኳ ቆምኩ። ድምፁ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ከግራ ሲመጣ ልክ ነው። ከቀኝ ሲሄድ ትንሽ ይዘገያል፤ ሌላ ሰው የማያስተውለው ያህል። ያቺን ያህል ከእጃቸው የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቀሪውን እግዚአብሔር ተወልኝ።

ገባሁ። ጋሽ ቶማ ሸብተዋል። ከጉድጓዱ ሆነው «መጣህ ዶክተር?» አሉኝ፣ ትናንት ገበያ ሄጄ የተመለስኩ ይመስል። ሊስሙኝ ተደግፈው ሲወጡ ግን ጉልበታቸውን ይዘው ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ምን ሆኑ? ወደቁ እንዴ?»

«ኧረ አትደንግጥ» አሉ እየሳቁ። «ይሄ የድሮው ነው። እኔ አውቀዋለሁ።»

አመንኳቸው። ቢሆንም መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሁለቱንም ጉልበታቸውን በጣቴ ቦታ በቦታ ዳሰስኩ።